ቁልፉን ሰጥተናል፤ መኪናውንስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ ሰደቃ ያልተባለ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለ ገንዘብ፣ ስለ እህል፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ ከየሚንበሩ ሰምተናል። ስለ መኪና ግን ኹጥባ የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም። «ምን ነካህ፣ አብዛኛው ጀማዐ ታክሲ ተሰልፎ እየዋለ አንተ ስለ መኪና ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ መኪና ያለን ጥቂቶች ነን። ሆኖም አንድ ሰው መኪናውን ለአላህ ብሎ ሲሰጥ ነገሩ የሚነካው ሰጪውን ብቻ አይደለም። ጀናዛ የሚሸኘውን፣ ሕመምተኛ የሚያደርሰውን፣ የቲም የሚያሳድገውን ሁሉ ይነካል። በቅርቡ በሰፈሬ ያየሁት ጉዳይም ዝም እንዳልል አስገድዶኛል።

በመጀመሪያ የኛን አገር መኪና ከሌላው አገር መኪና መለየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ አንድ ሰው ያረጀ መኪናውን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ልስጥ ቢል ስልክ ይደውላል፤ ጎታች መጥቶ ይወስድለታል፤ መኪናው በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለድርጅቱ ይገባል፤ ለሰጪው ደግሞ ስጦታው ግብር ከሚከፍልበት ገቢ ላይ ይቀነስለታል። እዚያም ቢሆን ሰዎች የማይንቀሳቀስ ቆርቆሮ እየሰጡ በወረቀት ላይ ግን እንደ አዲስ እየገመቱ ስላስቸገሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከ500 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት መኪና በድርጅቱ ከተሸጠ ተቀናሹ ከሽያጩ ዋጋ እንዳይበልጥ ሕጉ ጠብቋል። ሰው መቼም ሰው ነው፤ በሰደቃውም ሊነግድ ይሞክራል።

እኛ ዘንድ አሮጌ መኪና ጥሪት ነው። ከኔ ዕድሜ የሚበልጠው ዲኤክስ ኮሮላ ዛሬም ገበያ አለው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም በከተማው ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እያደር ተወደደ እንጂ አልረከሰም። በመስቀል ፍላወር መንገድ ዳር መስታወታቸው ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው መኪኖች ቆመው ይታያሉ። ከአጠገባቸው የሚቆመውን ደላላ አንዳንዴ ዋጋ እጠይቀዋለሁ። ለመግዛት አይደለም፤ ለመገረም ነው። እንግዲህ በዚህ ከተማ መኪናውን ለአላህ ብሎ የሚሰጥ ሰው የቤቱን ግማሽ እንደሰጠ ይቆጠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍላጎቱስ? ፍላጎቱ ከምንጊዜውም በላይ ነው። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ በአንድ መስጂድ ጥላ ሥር የኖረው ጀማዐ ተበተነ። ወደ ገላን ጉራ የሄደ አለ፣ ወደ ሌላ ዳርቻ የሄደ አለ። ቀድሞ ጀናዛ ሲኖር በእግር ተጠራርቶ፣ ሰግዶ፣ ቃሬዛውን ተሸክሞ መኪና ላይ የሚያደርስ ሰው በሽ ነበር። ዛሬ የሟች ቤት በአንድ ጥግ፣ ዘመድ በሌላ ጥግ፣ የኮልፌ የሙስሊም መቃብር ደግሞ በሌላ ጥግ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስ ሰው ከከተማው ዳርቻ ሲነሳ የሚያወጣው የመጓጓዣ ወጪ ከሕክምናው ወጪ ጋር ይፎካከራል። አንድ ሚኒባስ ለአንድ ጀማዐ ምን ማለት እንደሆነ ይህን ያየ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ጉዳይ ልግባ። ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቃቸዋል፣ ለማያውቃቸውም ስማቸው አይጠቅመውም። በመስቀል ፍላወር የሚኖሩ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። የመለዋወጫ ሱቅ የነበራቸው፣ እጃቸው የማይታጠፍ ሰው ነበሩ። ሚኒባሳቸውን ለጀማዐው ሰጡ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ቁልፉን ለኮሚቴው ሰብሳቢ አስረከቡ፤ ሰዎች ተክቢራ አሰሙ፤ ሐጂም እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ። በሳምንቱ ውልና ማስረጃ ሄደው ለሰብሳቢው ውክልና ሰጡ። ሊብሬው ግን በስማቸው ቀረ። «ስም ማዛወሩ ይደርሳል፣ ምን ያስቸኩላል፣ እኔና እናንተ ምን መለያየት አለን» አሉ። በእርግጥም መለያየት አልነበረም። ሚኒባሱ ሦስት ዓመት ጀናዛ አመላለሰ፤ ቅዳሜና እሁድ የመድረሳ ልጆችን አደረሰ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ የሐጂ ልጆች ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ወሎ ይዘውት ይሄዱና ይመልሱታል። ማንም ምንም አላለም።

ሐጂ ሞቱ። በራሳቸው ሚኒባስ ወደ ኮልፌ ተሸኙ።

ከተቀበሩ ሁለት ወር ሳይሞላ ታላቅ ልጃቸው ወደ ኮሚቴው መጥቶ መኪናውን ጠየቀ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሶፍ ላይ አጠገቤ የሚቆም ሰው ነው። «አባቴ መኪናውን አዋሳችሁ እንጂ አልሰጣችሁም፤ ቢሰጣችሁማ ኖሮ እኛ በየዓመቱ እንዴት እንወስደው ነበር? ሊብሬውስ እንዴት በስሙ ይቀር ነበር?» አለ። ኮሚቴው በበኩሉ «ስንት መቶ ሰው እያየ ለአላህ ብለው ሰጥተዋል» አለ። ወረቀት የለም። ሁለቱም ወገን እውነቱን እየተናገረ ነበር፤ ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ሚኒባሱ በመስጂዱ አጥር ጥግ ቆመ። ጎማው ተነፈሰ፣ ባትሪው ሞተ፣ ቦሎው አለፈ። በእነዚያ ወራት ጀናዛ ሲኖር ጀማዐው አዋጥቶ መኪና ይከራይ ነበር። የሰደቃው መኪና ግን እዚያው አጠገባቸው ቆሟል።

በሽምግልናው ላይ እንደ ጎረቤትም እንደ ጋዜጠኛም ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ያን ቀን አንድ ሼኽ ያነሷቸው ሁለት የጦር ልብሶች ከአእምሮዬ አይወጡም። አንደኛው የሰፍዋን ኢብን ኡመያ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሑነይን ሲዘምቱ ከሰፍዋን የብረት ጥሩር ፈለጉ። ሰፍዋን ያኔ ገና አልሰለመም ነበርና በጉልበት ልትወስዱብኝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነብዩም የለም፣ ውሰት ነው፣ ዋስትናም ያለው ነው አሉት። ሁለተኛው የኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ነው። ኻሊድ ዘካ ከለከለ ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥሩሩንና የጦር መሣሪያውን በአላህ መንገድ ላይ እንዳዋለው ተናግረው ተከላከሉለት። ሁለቱም ጥሩር ነው፣ ሁለቱም ጦር ሜዳ ውሏል። አንደኛው ግን ውሰት ነው፣ ባለቤቱ ይወስደዋል። ሁለተኛው ወቅፍ ነው፣ ወደ ባለቤቱ አይመለስም። ልዩነቱ በብረቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በተነገረው ቃል ላይ ነው። የሐጂ ሚኒባስ የሰፍዋን ጥሩር ነበር ወይስ የኻሊድ? ይህን መመለስ ይችሉ የነበሩት አንድ ሰው ደግሞ ኮልፌ ተኝተዋል።

ማዋስ ነውር እንዳልሆነም በዚሁ ልናገር። መኪናውን ጨርሶ መስጠት የማይችል ሰው ዓርብ ዓርብን ብቻ፣ ወይም ጀናዛ ሲኖር ብቻ ቢያውስ ትልቅ አጅር አለው። ግን ውሰት ነው ይበል። ከሰጠም ሰጠሁ ይበል።

ስለ መረከብ ደግሞ ከአቡበክር (ረ.ዐ) የሚበልጥ ምሳሌ የለም። ለልጃቸው ለዓኢሻ (ረ.ዐ) በጋባ ከነበራቸው ንብረት 20 ወስቅ የሚሆን ተምር ሰጥተዋት ነበር። እሷ ግን ቆርጣ አልተረከበችም። ሞት አፋፍ ላይ ሲደርሱ ጠርተው፣ ተረክበሽው ቢሆን ያንቺ ነበር፤ ዛሬ ግን የወራሾች ገንዘብ ነው፣ ከወንድሞችሽና ከእህቶችሽ ጋር ተካፈሉት አሏት። ልብ በሉ፤ ሰጪው አቡበክር ናቸው፣ ተቀባይዋ የነብዩ ባለቤት ናት። በመካከላቸው ጥርጣሬ የለም። እንዲህም ሆኖ ያልተረከቡት ስጦታ ከሞት በኋላ ውርስ ሆነ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ስጦታ በመረከብ ይጸናል የሚሉት ይህንና የመሳሰለውን ይዘው ነው። በእኛ ዘመን መኪና መረከብ ማለት ምን ማለት ነው? ቁልፍ መያዝ ነው ወይስ ሊብሬ ማዛወር? መልሱን ለፊቅህ ሰዎች እተዋለሁ። ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ሊብሬውን ነው።

ከሕጉ በኩል ያለው ይህን ይመስላል። በከተማችን መኪና በውክልና መሸጥና መግዛት ልማድ ሆኗል፤ የስም ማዛወሪያውን ወጪና እንግልት ለማምለጥ ነው። ውክልና ግን በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። በተጨማሪም በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ስለዚህ መኪናውን ሰጥቶ ስሙን ያላዛወረ ሰው፣ እሱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ መኪናው መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ ክሱ የሚመጣው በእሱ ስም ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የተወሰነውን ይሸፍናል እንጂ ሁሉንም አይሸፍንም። እንግዲህ ሰደቃ የሰጠ ሰው በሰደቃው ዕዳ ውስጥ ሲገባ ማየት ማንን ደስ ይላል?

የሐጂ ጉዳይ በሽምግልና አለቀ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ያለቀበት መንገድ ግን ለሌላው ትምህርት ስለሚሆን ላስረዳ። ወራሾቹ ባለቤታቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት የ9 ዓመት ሴት ልጅ ናቸው። መኪናው ውርስ ነው ከተባለ በሸሪዓው ክፍፍል ከ40 እጅ 5ቱ የሚስት፣ 14፣ 14ቱ የወንዶቹ፣ 7ቱ የትንሿ ልጅ ነው። እናትየዋና ወንዶቹ ልጆች ከተነጋገሩ በኋላ ድርሻቸውን ለአላህ ብለው ለቀቁ። የልጅቷን ድርሻ ግን ማን ይልቀቅላት? የየቲም ገንዘብ እኮ ነው። እናትም ሆነች ወንድም፣ ሞግዚትም ሆነ ሼኽ በስሟ ሰደቃ ሊያወጣበት አይችልም። ሽማግሌዎቹ መኪናውን በሁለት መካኒኮች አስገመቱ፤ ጀማዐውም የ7 እጇን ያህል አዋጥቶ ለልጅቷ ከፈለ። ለምሳሌ መኪናው 1 ሚሊዮን ብር ቢገመት 175,000 ብር ማለት ነው። አስቡት፤ ጀማዐው በነጻ የተሰጠውን መኪና በከፊል ገዛው። ይህን ወጪ ማስቀረት ይችል የነበረው ሐጂ በሕይወት ሳሉ የሚደረግ አንድ የስም ዝውውር ነበር። ወይም ደግሞ ወሲያ ቢጽፉ ኖሮ እስከ ንብረታቸው ሲሶ ድረስ ኑዛዜያቸው በጸና ነበር። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታሞ ንብረቱን ሁሉ ልስጥ ባለ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የፈቀዱለት እስከ ሲሶ ነው፤ እሱንም ብዙ ነው ብለውታል። ባይስማሙ ኖሮ ደግሞ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ወደተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ወይም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሄዶ ስንት ወር እንደሚፈጅ አላህ ያውቃል። ጎማው ግን ፍርድ አይጠብቅም፤ ቆሞ ይበሰብሳል።

ስለ ወረቀቱ ይህን ያህል ካልኩ ስለ መኪናው ራሱ ልናገር። አንዳንዱ ሰው መኪና የሚሰጠው መኪናው እምቢ ሲለው ነው። መካኒኩ ሞተር መውረድ አለበት ሲለው፣ ካምቢዮው ሲንቋቋ፣ ገዢ ሲያጣ፣ ያኔ መስጂዱ ትዝ ይለዋል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ ከንብረታችን መልካሙን እንድንሰጥ፣ ለራሳችን ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መናኛውን መርጠን እንዳናወጣ አዞናል። ይህ ትእዛዝ ለመኪና የተነገረ ያህል ነው። ፈተናውም ቀላል ነው። ያንን መኪና አንተ ልጆችህን አሳፍረህ ከመስቀል ፍላወር እስከ ኮልፌ ትነዳዋለህ? ፍሬኑን ታምነዋለህ? ካልነዳኸው ሕመምተኛ አታስጭንበት። በዚህ ላይ ሰጪዎች ብዙ ጊዜ ጉድለቱን አይናገሩም። ሻጭ የዕቃውን ነውር መግለጥ ግዴታው እንደሆነ እናውቃለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ውስጥ አግብተው ከሥሩ እርጥብ ሲያገኙት ነጋዴውን ገሥጸውታል። በሰደቃ ጊዜ ነውርን መደበቅ የሚፈቀድ የመሰለን ለምንድን ነው? ተቀባይ አፍሮ «አልፈልግም» ስለማይል ነው። ኮሚቴዎችም በዚህ ይጠየቃሉ። ይሉኝታ ይዟቸው የማይሄድ መኪና ይቀበሉና ለጥገና ከየቲሞች ካዝና ያወጣሉ።

ያረጀ መኪና አይሰጥም ማለቴ አይደለም። አሮጌ ሆኖ ጤነኛ የሆነ ሞልቷል። የማይሄደውም ቢሆን «የማይሄድ ነው፣ ሸጣችሁ ተጠቀሙበት» ተብሎ በግልጽ ከተሰጠ ሰደቃ ነው፤ ለመለዋወጫም ይፈለጋል። በላጩ ግን ሌላ ነው። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 92ኛው አንቀጽ ከምንወደው እስካልሰጠን ድረስ እውነተኛውን በጎነት እንደማናገኝ ሲነገር፣ አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ) ከንብረታቸው ሁሉ የሚወዱትን፣ ከነብዩ መስጂድ ፊት ለፊት የነበረውን በይሩሓእ የተባለውን የተምር አትክልት ይዘው መጡ። የደረቀውን ጥግ ቆርሰው አልሰጡም።

አንድ ፈረስ ደግሞ አለ፤ ያለ እሱ ይህ ጽሑፍ አይሞላም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በአላህ መንገድ ለአንድ ሰው ፈረስ ሰጡ። ሰውየው ፈረሱን አልያዘውም፤ አከሳው፣ ጎሳቆለ። ዑመር ይህን አይተው አዘኑ፣ በርካሽ የሚሸጥላቸውም ስለመሰላቸው መልሰው ሊገዙት ፈለጉ። ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያማክሩ፣ በአንዲት ዲርሃም እንኳ ቢሰጥህ አትግዛው ተባሉ፤ ሰደቃውን የሚመልስ ሰውም የተፋውን መልሶ እንደሚልስ ውሻ ተመሰለ። በዚህ ሐዲስ ውስጥ ለመኪና ሰጪም ለመኪና ተቀባይም ድርሻ ድርሻቸው አለ። ሰጪው፣ መኪናው ከተሰጠ በኋላ ዋጋው ሲያሻቅብ ወይም ኮሚቴው ሊሸጠው ሲነሳ «ለኔ በቅናሽ መልሱልኝ» አይበል። በዛሬው የመኪና ገበያ ይህ ፈተና ቀላል አይደለም። ተቀባዩ ደግሞ የዚያ ፈረስ ያዥ እንዳይሆን ይፍራ። ዘይት ሳይቀየርለት የሚነዳ፣ ሹፌር በየቀኑ የሚቀያየርበት፣ የኮሚቴ አባል ሠርግ የሚሸኝበት መኪና የሰጪውን ልብ ይሰብራል፤ ሊሰጥ ያሰበውን ሌላ ሰውም ያስቀራል።

ስለ ነዳጅስ? ብዙዎቻችን መኪና የሰጠ ሰው ጨርሷል ብለን እናስባለን። መኪና እንደ ወርቅ ተቀምጦ አይኖርም፤ ይበላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአላህ መንገድ ፈረስ የያዘ ሰው የፈረሱ መኖና ውሃ፣ እበቱና ሽንቱ ሳይቀር በቂያማ ቀን በሚዛኑ ላይ እንደሚሆንለት ተናግረዋል። ይህን ሐዲስ ስሰማ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ አጅሩ የተቆጠረው በፈረሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ በሚበላው ላይ መሆኑ ነው። የዛሬው መኖ ናፍታ ነው፣ ጎማ ነው፣ የዓመት ምርመራና ኢንሹራንስ ነው፣ የሹፌር ምሳ ነው። መኪና መግዛት የማይችል ሰው በዚህ በር ይገባል። በኛ ጀማዐ አንዲት እንጀራ ሸጣ የምታድር እህት በየወሩ የ1 ሊትር ናፍታ ዋጋ ታመጣለች። የጠየቃት የለም፤ «ኮልፌ መድረሱ አይቀርም፣ እኔም እሄድበታለሁ» ብላ ነው የጀመረችው።

ወጪውን ቀድሞ ያሰበ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከዚሁ ከተማችን ምሳሌ አለ። የጠብታ አምቡላንስ መሥራች አቶ ክብረት አበበ የማደንዘዣ ባለሙያ ነርስ ሳሉ ሕመምተኞች ሆስፒታል የሚያደርሳቸው አጥተው ሲሞቱ እያዩ ቤታቸውን ሸጠው ሦስት አምቡላንስ ገዙ። አገልግሎቱን ግን በክፍያ አደረጉት። ጊዜው ሲያልፍ ነዳጅ የሚሞላው፣ ባለሙያ የሚቀጥረው ምን እንደሆነ አስበዋልና። በሌላ በኩል በ1927 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907 ስልክ ሲጠራ የሚደርሰው አምቡላንስ ከጀርባው የአባላት መዋጮና የለጋሾች እጅ አለ። ቀይ መስቀል ካልኩ አይቀር፣ በ1928 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከግብፅ የቀይ ጨረቃ የሕክምና ቡድን መጥቶ በሐረር በኩል በነበረው ግንባር ቁስለኛ ማከሙን ለልጆቻችን ብንነግራቸው መልካም ነው። ቁስለኛ ማንሳትና ሕመምተኛ ማድረስ ከእኛ ዲን ውጭ የመጣ ሥራ የሚመስላቸው አሉና።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ፤ ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ነው። አንደኛው፣ የቤት መኪና ዘካ አለበት ወይ የሚለው ነው። ለግል መገልገያ ለተያዘ ፈረስ ዘካ እንደሌለ በሐዲስ ስለተነገረ፣ ሊቃውንት ሰው ለራሱ የሚነዳውን መኪናም በዚሁ ያዩታል። መኪና ነጋዴ ለሽያጭ ያቆማቸው ግን የንግድ ሸቀጥ ናቸውና 2.5 በመቶው ይወጣባቸዋል። በመሆኑም «ዘካዬን በአሮጌው መኪናዬ ዘጋሁት» የሚል ሰው ሒሳቡን ዓሊም ፊት ያቅርብ፤ ዘካ የታወቀ ድርሻና የታወቁ ተቀባዮች አሉት። ሁለተኛው፣ በመኪናው ጎን ላይ የሰጪውን ስም ስለመጻፍ ነው። ሰደቃን በይፋ መስጠት አልተከለከለም፣ ሌላውንም ያነሳሳል። ሆኖም በሱረቱል በቀራ 271ኛው አንቀጽ የተደበቀው በላጭ መሆኑ ተነግሯል። «የእገሌ ስጦታ» የሚል ጽሑፍ ከበሩ እስከ ኋላ መስታወት ሲሳል ሳይ፣ ጀናዛው ነው ወይስ ማስታወቂያው የሚሄደው እያልኩ እታዘባለሁ።

የሚቀረኝ ስለ መሸጥ ነው። መኪና እንደ መሬት አይቆይም፤ ከዕለታት አንድ ቀን መሸጥ አለበት። ሰጪው ሲሰጥ ሰደቃ ካለ፣ ኮሚቴው ለጀማዐው የሚጠቅመውን አይቶ ሊሸጠውና በሌላ ሊለውጠው ይችላል። ወቅፍ ካለ ግን ነገሩ ይጠብቃል። ተንቀሳቃሽ ንብረት ወቅፍ ስለመሆኑ ራሱ ሊቃውንት ተነጋግረውበታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ አልፈቀዱትም። ደቀ መዝሙራቸው አቡ ዩሱፍ ግን የጦር መሣሪያንና ፈረስን ለይተው ፈቅደዋል፤ ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ደግሞ ሰዎች በልማድ ወቅፍ የሚያደርጉትን ሁሉ ጨምረዋል። ኢማም ሻፊዒይ ዘንድ እየተገለገሉበት የሚቆይ ዕቃ ወቅፍ ይሆናል። በአገራችን የሐነፊይም የሻፊዒይም መዝሀብ ተከታይ ጎን ለጎን የሚሰግድ በመሆኑ፣ አንድ ኮሚቴ በራሱ ገምቶ ከሚሸጥ ወይም ሳይሸጥ አስቀምጦ ከሚያበሰብስ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል።

ለዚህ ነው ጥያቄዬን ወደ ዑለማዎቻችንና ወደ መጅሊሳችን የማደርሰው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተመዝግበው በራሳቸው ስም ንብረት ይይዛሉ። ስለሆነም ለአላህ የተሰጠ መኪና በአንድ ሰብሳቢ ስም ወይም በአንድ ሟች ስም የሚንከራተትበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ስጦታው ሰደቃ ነው፣ ወቅፍ ነው ወይስ ውሰት፤ መኪናው ምን ጉድለት አለበት፤ ለምን አገልግሎት ተሰጠ፤ መሸጥ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም፤ ሊብሬው መቼ ይዛወራል፤ ከሰጪው ቤተሰብ ማን ያውቃል። ይህን ወረቀት ዑለማዎች ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው አዘጋጅተው ለየመስጂዱ ቢያሰራጩት ከዚህ ጋዜጣ አንድ ገጽ አይበልጥም። እስከዚያው ድረስ መኪና ለመስጠት የነየተ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ከጁምዓ በፊት ባለው ሐሙስ ከኮሚቴው ጋር ስም ማዛወሪያው ዘንድ ይሂድ።

ወላሁ አዕለም።